ከማንኩሳ እስከ ስትሪት ፋይተር፦ የተወደደ ሥራ ወደ ሌላ ጥበብ ሲሻገር

ሰው የወደደው ልብ ወለድ ወይም ጨዋታ ከተፈጠረበት ጥበብ ወጥቶ በሌላ መልክ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚከፋቸው የራሱ ወዳጆች ናቸው። መጽሐፍ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲቀርብ፣ የቪዲዮ ጌም በኮሚክ መጽሐፍ ሲታተም፣ ኮሚኩ ደግሞ ፊልም ሲሆን ከየአቅጣጫው የሚሰማው ክርክር አንድ ዓይነት ነው፦ «ይኼ የእኛው አይደለም።»

በዚህ ክርክር ውስጥ ሦስት ነገሮች ሁልጊዜ ተደባልቀው ይነሣሉ፤ ፈቃድ፣ ታማኝነትና መሳካት። ፈቃድ የሕግ ጉዳይ ነው፤ ባለመብቱ ፈቅዷል ወይስ አልፈቀደም? ታማኝነት ከንባብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሠሪው የመጀመሪያውን ሥራ ምን ብሎ ተረዳው? መሳካት ደግሞ በሙያ የሚለካ ነው፤ አዲሱ ሥራ በራሱ እግር ቆሟል ወይ? ሙሉ ፈቃድ ያለው ሥራ ሊከሽፍ፣ ታሪኩን እንዳለ የገለበጠ ሥራ ነፍስ አልባ ሊሆን ይችላል። ብዙ የለወጠውም አንዳንዴ ልብ ይነካል። ይህ ዳሰሳ ሦስቱን ለያይቶ ለማየት ይሞክራል። ከአገራችን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ከውጭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን የስትሪት ፋይተር ኮሚክ ይዟል።

መነሻው ሩቅ ነው

ታሪክን ከአንድ ጥበብ ወደ ሌላ ማሻገር የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አገር ለሆነው ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ቤቶች ተማሪው የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ወስዶ ከዕለቱ ጉዳይ ጋር ያዛምዳል። ታሪኩን እንዳለ ቢደግመው «ቅኔ ተቀኘ» አይባልም፤ ታሪኩን ቢያበላሸውም መምህሩ አያልፈውም። ከሁለቱም አደጋ ማምለጥ የሙያው መለኪያ ነው።

ሥዕልም እንዲሁ ነው። የገዳማትና የአድባራት ግድግዳ በገድልና በተአምር መጻሕፍት የተነገረውን በተከታታይ ሥዕል ያሳያል፤ በዘጌ የሚገኘው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ሠዓሊው ከረጅሙ ገድል ጥቂት ትዕይንት ይመርጣል፣ ከሥዕሉ አጠገብ አጭር ጽሑፍ ያኖራል፣ ሰዎቹንም ብዙ ጊዜ በራሱ ዘመን ልብስ ያለብሳቸዋል። ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እስኪታይ ፊት ለፊት፣ ክፉውን ደግሞ በአንድ ዓይን ከጎን ይሥለዋል። ይህ የዓይን ሕግ በገድሉ ውስጥ የለም፤ የሥዕል ቤቱ የራሱ ቋንቋ ነው። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በ44 ክፍል ተከፋፍሎ በአንድ ሸራ ላይ የሚሣልበት ልማድም አለ። በሥዕል ክፋዮች ታሪክ መተረክ ከውጭ የመጣ ይመስለን ይሆናል እንጂ ዓይናችን የለመደው ነገር ነው።

ስለዚህ ማሻገር ነውር ነው የሚል ክርክር ከባህላችን ድጋፍ አያገኝም። የሚያከራክረው መቼና እንዴት የሚለው ነው።

መጽሐፉ ምን ይዟል?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጃቢ ጠህናን ወረዳ የምትገኘውን ማንኩሳን አገሩ ሁሉ በስሟ ያወቃት በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም ሲታተም ታሪኩን የጀመረው ከዚህች መንደር፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ቤት ነው። ደራሲው የተወለዱት በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ተማርከው በኢጣሊያ ደሴቶች ታስረዋል፤ በኋላም አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነዋል። የበዛብህን የቅኔ ቤት ኑሮ የጻፉት ራሳቸው ካለፉበት ሕይወት ተነሥተው ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የደሀ ልጅ የሆነው በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይቀጠራል፣ ይዋደዳሉ፣ ይለያያሉ፣ መጨረሻቸው መቃብር ይሆናል። እንዲህ የተነገረ እንደሆነ ግን ግማሹ ቀርቷል። በዛብህ ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ብፅዓት አድርገው ሰጥተውታል። ማግባት እንዳይችል ያሠረው ሰብለ የባላባት ልጅ መሆኗ ብቻ ሳይሆን እሱ ሳይጠየቅ የተገባው ስለትም ጭምር ነው። ፊታውራሪ ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ባል አጥተው ዕድሜዋን ሲያሳልፉ፣ የበዛብህ ወላጆችም በፍቅር ተገፋፍተው የልጃቸውን ዕድሜ ለሌላ ሰጥተዋል። ሁለቱ ልጆች የሚገናኙት በዚህ ነው፤ የሁለቱም ሕይወት በወላጅ እጅ አልቋል። ብፅዓቱን አውጥቶ የሀብታምና የደሀ ፍቅር ብቻ የሚያስቀር ማንኛውም ሥራ ስሞቹን ይዞ መጽሐፉን ይጥላል።

ሌላው የመጽሐፉ ምሰሶ ንግግሩ ነው። ጉዱ ካሣ ብቻውን እያወራ የሚሄድ፣ እንደ እብድ የሚታይ፣ ግን ከሁሉ በላይ የሚያስተውል ሰው ነው። የማኅበረሰቡን ሥርዓት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጭኖ ከተሠራ ሕንጻ ጋር እያመሳሰለ የሚናገረው ረጅም ንግግር በመጽሐፉ ውስጥ ምንም ድርጊት የማይታይበት፣ ነገር ግን ሁሉም ነገር የሚሆንበት ቦታ ነው። የፍቅረኛሞቹ ደብዳቤዎችም እንደዚሁ ናቸው። ለካሜራ ወይም ለሠዓሊ ብዕር ትልቁ ፈተና ይኸው ነው፤ ሰው ቆሞ የሚናገርበትን ቦታ እንዴት ታሳየዋለህ?

ድምፅ፣ ዘፈን፣ መስኮት

መጽሐፉ ከተሻገረባቸው መንገዶች ሁሉ ያለ ብዙ ክርክር የተወደደው የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም የተላለፈው ይህ ንባብ መጽሐፉን በእጁ ላልያዘ፣ ማንበብም ለማይችል ሰው ሁሉ አደረሰው። ወጋየሁ የደራሲውን ቃል ሳይነካ ለየገጸ ባሕርዩ ድምፅ ሰጠ። ፊታውራሪን በግርማና በቁጣ፣ ጉዱ ካሣን በራሱ ስሜትና አንደበት ሲያቀርብ አድማጩ የሚያየውን ለራሱ ለአድማጩ ትቶታል። ለምን ተሳካ ለሚለው አጥጋቢው መልስ ሬዲዮና መጽሐፉ አንድ መሣሪያ መጋራታቸው ይመስለኛል፤ ሁለቱም በቃል ይሠራሉ። የጉዱ ካሣ ንግግር በሬዲዮ መቆረጥ አላስፈለገውም።

ቴዎድሮስ ካሣሁን በ2009 ዓ.ም «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ ውስጥ ያካተተው «ማር እስከ ጧፍ» ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። ዘፈኑ ታሪኩን ለመተረክ አልሞከረም፤ ስሞቹንና ስሜቱን ወስዶ ለራሱ ፍቅር ተጠቀመባቸው። መጽሐፉን ያነበበ ያውቀዋል፣ ያላነበበም ይዘፍነዋል። ከብዙ ጥቂት መውሰዱ ከወቀሳ አዳነው። «ቅጂ ነኝ» ያላለን ሥራ ማንም በቅጂነት አይከሰውም።

የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ድራማ ግን የከበደውን መንገድ ያዘ። በሰውመሆን ይስማው ዳይሬክተርነት ተሠርቶ በ2016 ዓ.ም ማብቂያ ግድም በኢቢሲ መታየት ሲጀምር ሁለት ነገር አብሮ ተነሣ። አንደኛው የመብት ጥያቄ ነው፤ ክርክሩም ፍርድ ቤት ደርሷል። ሁለተኛው የተመልካች ሚዛን ነው። እዚህ ላይ ድራማው የሚመዘነው ከመጽሐፉ ጋር ብቻ አይደለም። ለአንድ ትውልድ የፊታውራሪ መሸሻ ድምፅ ማለት የወጋየሁ ድምፅ ነው፤ የሰብለን መልክ ደግሞ እያንዳንዱ አንባቢ በልቡ ሥሎታል። ተዋናይ ምንም ቢበረታ ሁለቱን አንድ ላይ ማሸነፍ አይችልም። ይህን የድራማው ጥፋት አድርጎ መቁጠር ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ማንም ሰው ይህን መጽሐፍ ወደ ዓይን ሲያመጣ የሚከፍለው ዋጋ ነው።

ፈቃድ የነበረው፣ ወዳጅ ያጣው ኮሚክ

የስትሪት ፋይተር ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም የፈቃድ ጥያቄ የለበትም። የጃፓኑ ካፕኮም ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1987 ጀመረው፤ በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር ሁለት ዓለምን አዳረሰ። በ1993 ማሊቡ ኮሚክስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ፈቃድ አግኝቶ የኮሚክ መጽሐፉን ማሳተም ጀመረ። በሁለተኛው ቁጥር ከዋናዎቹ ተፋላሚዎች አንዱ የሆነው ኬን ተደብድቦ ይወድቃል፣ የራስ ቆዳውም ከነጸጉሩ ይገፈፋል፤ ይህም ለባልንጀራው ለሪዩ መልእክት ይሆናል። ካፕኮም ሥራውን አልወደደውም፤ ሦስተኛው ቁጥር የመጨረሻው ሆነ።

ብዙ ጊዜ ለውድቀቱ የሚሰጠው ምክንያት ጭካኔው ነው። እኔ ግን ጠለቅ ያለ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። በስትሪት ፋይተር ሞት የለም። የተሸነፈ ተፋላሚ በሚቀጥለው ዙር ይነሣል፤ ጨዋታው ሁሉ የተሠራው «እንደገና» በሚለው ላይ ነው። ኬንም በታሪክ የሚታወቅ ሰው አይደለም። ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን በሩብ ክብ አዙሮ ቡጢ ሲጫን ከእጁ የሚወጣ የራሱ አካል ነው። ኮሚኩ የጨዋታውን ስሞች፣ ልብሶችና ጠላትነቶች ወሰደ፣ መነሣትን ግን ተወው። አንባቢው ያጣው ገጸ ባሕርይ ሳይሆን የገዛ እጁን ነው።

ጥፋቱ የኮሚክ ጥበብ አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃም አለ። ዩዶን የተባለው የካናዳ ቡድን ያንኑ ጨዋታ ከ2003 ጀምሮ በኮሚክ ሠርቶ ለዓመታት አንባቢ አፍርቷል። ጨዋታው አንድ ነው፣ ጥበቡ አንድ ነው፣ ሁለቱም ፈቃድ ነበራቸው። ልዩነቱ የኋለኞቹ ሠዓሊዎች ጨዋታውን በእጃቸው ማወቃቸው ነው፤ አቋቋሙ፣ የጡጫው ፍጥነት፣ የእያንዳንዱ ተፋላሚ የሰውነት ክብደት በሥዕሉ ላይ ይታያል። በፊልሙ ዓለምም እንዲሁ በ1993 የወጣው የሱፐር ማሪዮ ፊልም ሲከሽፍ፣ በ2023 የወጣው የዚያው ጨዋታ የአኒሜሽን ፊልም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

ሦስቱ አቋሞች

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጻፈውና የሚነገረው ሁሉ በሦስት አቋሞች ዙሪያ ይሰበሰባል።

የመጀመሪያው «አትንካው» የሚለው ነው። በአገራችን የበረታው ይህ አቋም ነው፤ በተለይ እንደ ሐዲስ ዓለማየሁ ያለ ደራሲ ሲነሣ መጽሐፉ እንደ ቅርስ ይታያል። የወጋየሁ ትረካ ለዚህ አቋም ጠንካራ ማስረጃ ነው። ድክመቱ ግን ዘመንን መርሳቱ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም ሲወጣ ባላባቱ በሕይወት ነበረ፤ አበጀ በለው የሚመራው የገበሬዎች አመፅ የዚያን ጊዜ አንባቢ ውጭ ወጥቶ የሚያየው ዓለም ላይ የተነሣ አመፅ ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የመጣው በ1967 ዓ.ም ነው። ዛሬ ያው ትዕይንት ምንም ሳይነካ ቢቀርብ ተመልካቹ የድሮ ዘመን ልብስ ያያል እንጂ ያ ሙቀት አይሰማውም። ቃልን መጠበቅ ሁልጊዜ ፍሬ ነገርን መጠበቅ አይሆንም።

ሁለተኛው «አዲስ ሥራ ነው፣ ለራሱ ይፈረድ» የሚለው ነው። ለዚህ «ማር እስከ ጧፍ» ይመሰክራል። አደጋው ግን ማሊቡ የገባበት ነው፤ የሌላውን ስም ተሸክሞ የራስን ታሪክ መናገር ወዳጆችን በስም መጥራትና በሌላ ቤት ማስተናገድ ይሆናል።

ሦስተኛው የወዳጆችን ድምፅ የሚያስቀድም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሶኒክ ከተባለው የቪዲዮ ጌም የተሠራው ፊልም ማስታወቂያ ሲወጣ የገጸ ባሕርዩ መልክ ተመልካቹን ስላስቆጣ ፊልሙ ወደ 2020 ተላልፎ መልኩ እንደገና ተሠርቷል፤ ውጤቱም ጥሩ ሆኗል። ሆኖም የወዳጆች ድምፅ መልክን ማስተካከል ይችላል እንጂ ሥራ አይጽፍም። ወዳጅ የሚያውቀው የሚወደውን ነው፤ ገና ያልተፈጠረውን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው።

ለእኔ ሦስቱም ዋናውን ጥያቄ አልፈውታል። ያ ሥራ ሰውን የያዘው በምኑ ነው? በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነገሩ ንግግርና ብፅዓት ነው፤ በስትሪት ፋይተር እጅና መነሣት ነው። ሠሪው ይህን ካወቀ ሌላውን ሁሉ ቢለውጥ ያስኬዳል። ካላወቀ ግን ምንም ሳይለውጥም ይከሽፋል።

ባለቤቱ ማነው?

በኢትዮጵያ ሕግ መልሱ ብዙዎች እንደሚያስቡት የተወሳሰበ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎ፣ ሥራውን የመተርጎምና የማዛመድ መብት የደራሲው እንደሆነ ይደነግጋል። መብቱ በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ከሞት በኋላ የወራሾች ነው። ከገንዘብ መብቱ ጎን የሞራል መብትም አለ፤ የደራሲውን ክብር በሚነካ መልኩ ሥራው እንዳይዛባ መቃወም የሚቻለው በዚህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በኅዳር 1996 ዓ.ም፣ አዋጁ በወጣበት በዚያው ዓመት ነው።

አስቸጋሪው ሕጉ ሳይሆን አሠራሩ ነው። ወራሾች ከአንድ በላይ ሲሆኑ ማን ይፈርማል? ለሬዲዮ የተሰጠ ፈቃድ ለቴሌቪዥን ያገለግላል ወይ? ለቴሌቪዥን የተሰጠውስ ለኮሚክ? እነዚህ በጽሑፍ ካልተለዩ ክርክር አይቀርም። የውጭው ዓለም ልምድም ያስተምራል። አርቺ የተባለው አሳታሚ የሶኒክን ኮሚክ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ 290 ቁጥር አሳትሟል፤ ነገር ግን ከደራሲዎቹ አንዱ ኬን ፔንደርስ በኮሚኩ ውስጥ የፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት የእኔ ናቸው ብሎ በመከራከሩ በ2013 እነዚያ ሁሉ ከታሪኩ ወጥተው ታሪኩ እንደ አዲስ ተጀመረ። የፖላንዱ ደራሲ አንድሬ ሳፕኮቭስኪ ደግሞ ዊቸር የተባለውን የልብ ወለድ ሥራውን መብት ለጨዋታ ሠሪዎች በአነስተኛ የአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ፣ ጨዋታው ዓለም አቀፍ ሆኖ ከበለጸገ በኋላ በ2018 ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ፤ በ2019 አዲስ ስምምነት ተፈራረሙ። ሁለቱም ጉዳዮች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ ውሉ የተጻፈው ሥራው ምን ያህል እንደሚያድግ ሳይታወቅ ነው።

ገና ያልተቋጨው

በሕግ መብት የሌለው፣ በስሜት ግን ባለቤት የሆነ አንድ ወገን አለ፤ አገሩ። ማንኩሳ፣ ዲማ፣ ደብረ ማርቆስ በመጽሐፉ ውስጥ ስም ብቻ አይደሉም። ተዋናዩ የጎጃምን አነጋገር ይናገር ወይስ መጽሐፉ የተጻፈበትን የጽሑፍ አማርኛ? አንዱ ወገን አነጋገሩ ከሌለ አገሩ የለም ይላል። ሌላው ደግሞ ሐዲስ ራሳቸው ትረካውን ለመላው አገር በሚገባ አማርኛ ጽፈዋልና የአነጋገር ዘይቤ ማብዛት ገጸ ባሕርያቱን መሳቂያ ያደርጋል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ የገጠር አነጋገር በድራማዎቻችን ለቀልድ መዋሉን ሁሉም ያውቀዋል። ቢሆንም ውድነሽ በጣሙ የአዲስ አበባ ልጅ ሆና ስትናገር መስማት ከዚያ የከፋ ነው። መፍትሔው አነጋገሩን በክብር የሚያውቁ ሰዎችን ከአካባቢው ወስዶ ማሠልጠን ነው እንጂ መሸሽ አይደለም።

የኮሚክ ጥያቄም ተከፍቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ፣ ቅኔ ጌምስ በዚያው ጊዜ ዶሮዋ ከአሳዳጇ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ሲያወጣ፣ ኮሚክና ጌም ሁለቱም በአገር ልጆች እጅ እንደሚሠሩ ታየ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገርም ሩቅ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ማሊቡ የሳተውን ጥያቄ የእኛ ሠሪዎችም ይጋፈጡታል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኮሚክ ለመሥራት የሚነሣ ሠዓሊም ቢኖር የእኔ ምክር ከጉዱ ካሣ እንዲጀምር ነው። ንግግሩን ቆርጦ በአረፋ ውስጥ ከሚያጨናንቀው፣ ድንጋዮቹን ይሣል፤ የታችኛው ድንጋይ የተሸከመውን ጭነት፣ የላይኛው የማያውቀውን ያሳይ። የአድባራቱ ሠዓሊዎች በአንድ ዓይንና በሁለት ዓይን ያደረጉትን እሱም የራሱን ሕግ ፈልጎ ያድርገው። ከዚያ በፊት ግን ወራሾቹን በጽሑፍ ይጠይቅ። የመጽሐፉ መብት እስከ 2046 ዓ.ም ድረስ የእነርሱ ነው።